ጎፈር የሌለው ብር

ንጉሡ በነገሡ በሃያ አራተኛው ዓመት፣ የበጋው ፀሐይ የወንዙን ውሃ ባጎደለበት ሰሞን፣ ከድልድዩ ማዶ ካለው የገንዘብ መምቻ ቤት የሚወጣው ጭስ ከንጋት እስከ ምሽት አያቋርጥም ነበር፤ በእንፋሎት የሚሠራው አዲሱ መኪና ብር እየመታ ሲተፋ፣ የጎዳናው መስኮቶች ሁሉ አብረው ይንቀጠቀጡ ነበር።

በዚህ ቤት ሰው ሁሉ እትዬ ሚዛን የሚላት አንዲት መበለት ትሠራ ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከመኪናው የወጣውን ብር እየመዘነች፣ የጎደለውንና የተበላሸውን እየለየች ወደ ማቅለጫው ስትመልስ የኖረች ናት፤ ማኅተምም ተሰጥቷት ስለ ነበር፣ እርሷ «ደኅና» ያለችው ደኅና፣ «ሐሰት» ያለችው ሐሰት ነበር።

መከራዋ የጀመረው ከመኪናው ስሕተት ነው። አንድ ቀን ገና ያልተመታው ጠፍጣፋ ብር ከመቀመጫው ሸርተት እያለ፣ የንጉሡ መልክ በግማሽ ብቻ የወጣባቸው ሠላሳ ያህል ብሮች ማንም ሳያያቸው ወደ ገበያ ወጡ፤ ብርቅ ነገር የሚሰበስቡ ባለጸጎችም እያንዳንዱን በፈረስ ዋጋ ገዙት፤ ይህ በተሰማ በሳምንቱ የከተማው ሰው በሙሉ ሞረድና መዶሻ ያነሣ መሰለ። በእትዬ ሚዛን መስኮት ፊት የቆመው ሰልፍ ድልድዩ ድረስ ይዘልቅ ጀመር።

«እትዬ፣ ይቺን ይዩልኝ፤ ንጉሡ ጆሮ የላቸውም» አለ አንድ ሥጋ ሻጭ።

«ነበራቸው። የፋቅኸው አንተ ነህ፤ የሞረዱ ጥርስ ያረፈበት ይኸውልህ።»

«እግዜር ያውቃል፣ እንዲሁ ነው ያገኘኋት!»

«እግዜርማ ያውቃል፤ እኔም አውቄአለሁ። የሚቀጥለው!»

የሚቀጥለው ሰው «ሁለት ጊዜ የተመታ ነው» ብሎ ያቀረበው ብር፣ ሌላ ብር ተደርቦበት በመዶሻ የተቀጠቀጠ ነበር፤ ፊደሉ ወደ ውስጥ ሰርጉዶ፣ በመስተዋት እንደሚታይ ጽሑፍ ተገልብጧል። «መኪናው ፊደል ገልብጦ አይጽፍም!» እያለች በቀን መቶ ጊዜ ስትናገር ጉሮሮዋ ደረቀ፤ ሰው ግን ሰምቷት ይሄድና በማግሥቱ ሌላ የተገለበጠ ይዞ ይመጣል። በሳምንቱ ውስጥ እውነተኛ ሆኖ ያገኘችው አንድ ብቻ ነው፤ ያመጣችውም ልብስ አጣቢ፣ ባለሱቆች አንቀበልም ስላሏት በደኅና ብር እንዲለወጥላት ነበር የመጣችው። እትዬ ሚዛን የምስክር ወረቀት ጽፋ፣ ማኅተም አሳርፋ ስትሰጣት፣ «ብር ስጡኝ ብል ወረቀት ይሰጡኛል!» ብላ እዚያው ጮኸችባት።

በዚያው ሰሞን የግምጃ ቤቱ ሹም ከሁለት አጃቢዎች ጋር ገብተው፣ በሐር የተጠቀለለ ብር ከጠረጴዛዋ ላይ አኖሩ። ብሩ በሁለቱም ወገን ዘውድ የጫነውን የንጉሡን መልክ የያዘ፣ በጀርባው ሊኖር የሚገባው ባለ ጎፈር አንበሳ የሌለው ነበር። ሹሙ ከአንድ ደላላ በሁለት ቤት ዋጋ ገዝተውት፣ የንግሡ ሃያ አምስተኛ ዓመት ሲከበር በሚከፈተው ዐውደ ርእይ በስማቸው ሊያቀርቡት አስበዋል።

«የምፈልገው ማኅተምሽን ብቻ ነው» አሉ።

እርሷም አንድ ደኅና ብር አንሥታ በእብነ በረዱ ላይ ጣለች፤ «ቅጭል» አለ። የሹሙን ጣለች፤ «ደፍ» አለ።

«ጌታዬ፣ ይህ አንድ ብር አይደለም፤ ሁለት ነው። አንዱን እንደ ሳሕን ቦርቡረው፣ የሌላውን ፊት እንደ ክዳን ገጥመውበታል፤ ስፌቱ ከጠርዙ በስተውስጥ አለ። ደግሞም በመኪናው ላይ የዘውዱ ቅርጽ ከታች፣ የጎፈሩ ከላይ ነው የሚታሰረው፤ አንዱ በሌላው ቦታ ቢገፉት አይገባም።»

«መኪና ይሳሳታል ስትዪ የከረምሽው አንቺ አይደለሽም?»

«ይሳሳታል እንጂ ተአምር አይሠራም፣ ጌታዬ!»

የሹሙ ፊት ቀላ። «ሐሰት ነው ካልሽ እስከ ነገ የሠራውን አምጪ፤ ሠሪ የሌለው ሐሰት የለም» ብለው፣ ብሩን ትተውላት ወጡ።

እትዬ ሚዛን ስፌቱን በማጉያ መስተዋት ስትመረምር፣ የመወልወያው ጭረት ሁሉ ወደ ግራ ያዘነበለ ነበር፤ በከተማው ውስጥ ግራኝ አንጥረኛ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የልጇ ባል።

ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ወደ አማቿ መሥሪያ ቤት ገሠገሠች።

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ?» አለ ብድግ ብሎ።

«አልዋልኩም። የግምጃ ቤቱ ሹም የገዙትን ባለ ሁለት ዘውድ ብር የሠራኸው አንተ ነህ?»

ፊቱ በራ። «ስፌቱን አገኙት? ከርስዎ በቀር ማንም አያገኘውም እኮ! ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ለደላላው የሸጥኩለት መጫወቻ ነው ብዬ ነው፤ እውነቴን ነው።»

«የንጉሥ መልክ ቆርጦ የቀጠለ ዐሥር ዓመት ግዞት ነው፣ አንተ ሰው! ሚስትህ ወሯ ገብቶ!»

«ታዲያ እውነተኛ ነው ቢሉላቸውስ? ማን ይጎዳል?»

«ሌባ አላሸነፈኝም፤ ሹም አላሸነፈኝም፤ የገዛ አማቼ ጉድ ይሥራኝ?» ብላ ወጣች።

በማግሥቱ ሹሙ ሦስት መኳንንት አስከትለው መጡ።

«ሐሰት ነው» አለች።

«ሠሪውስ?»

የልጇ ሆድ ታያት። «አላውቅም» አለች፤ በዚያ ጠረጴዛ ላይ የተናገረችው የመጀመሪያው ውሸት ይኸው ነበር።

«ሠሪው ካልታወቀ እውነተኛ ነው።»

«አባቱ ያልታወቀ ልጅ አልተወለደም ይባላል እንዴ፣ ጌታዬ?»

ከመኳንንቱ አንዱ ሳቁ አመለጣቸው፤ ሹሙ ግን አልሳቁም። ማኅተሙን ከእጇ ተቀበሉ፤ ከሥራዋም አሰናበቷት፤ በሕይወታቸው ሞረድ ጨብጠው የማያውቁት ሦስቱ መኳንንት ፈረሙ፤ ብሩም በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ገባ።

ልጇ በሰላም ተገላገለች። አማቿ ዐውደ ርእዩን ስድስት ጊዜ ጎበኘ፤ አንድ ቀን ተጨንቆ ተመለሰና፣ «እማማ፣ ብርሃኑን በጎን አድርገውታል፤ ስፌቱ ሊታይ ነው!» አላት።

«ይታያ! ኧረ ይታይ!» ብላ ጮኸች፤ ሕፃኑ ደንግጦ አለቀሰ። ማንም ግን አላየውም።

ታሪክ የሚያስታውሰው የተፈረመበትን ነው፤ አልፈርምም ብላ ከሥራዋ የተነሣች ሴት ስም በየትኛውም መዝገብ አልገባም። ሊቃውንት መኪናው ያን ብር እንዴት ሊመታው እንደ ቻለ ሲከራከሩ ሦስት መጽሐፍ ጻፉ። ከሰባ ዓመት በኋላ ብየዳው በእርጥበት ላላና ብሩ በሣጥኑ ውስጥ ለሁለት ተከፈለ፤ የቅርሱ ጠባቂዎችም ማታለሉን ስለ ደረሱበት ራሳቸውን አመሰገኑ፤ ሦስቱን ፈራሚዎች ግን አልወቀሱም፤ «በዚያ ዘመን ዕውቀት ይህን ሊለይ የሚችል ሰው አልነበረም» ብለው ጻፉ።