ቲማቲሙ ላይ የተሰቀለው ዲስክ

«እማዬ፣ እኔ ብሄድ ብቻሽን ትችያለሽ?»

ልጄ ይህን ስትጠይቀኝ ብርጭቆ እያደረቅኩ ነበር። ብርጭቆው ከደረቀ ቆይቷል፤ እኔ ግን ማሸቴን አልተውኩም። «ምሳሽን ብዪ፣ ይቀዘቅዛል» አልኳት።

የምትሄደው ከረጅሙ ጋር ነው። ባቡር ግማሽ ቀን በሚፈጅበት ከተማ አንድ የኮምፒውተር ማዕከል ሁለት ባለሙያ ይፈልጋል። ረጅሙ ለራሱ እሺ ብሏል። ልጄን ደግሞ «እንጋባና አብረን እንሂድ» ብሏታል። ለእኔ በዚህ ቤት ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።

ረጅሙ ብለን የሰየምነው እኛ ነን። ልጄ የማሠልጠኛ ትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ናት፤ እኔም እዚያው ከጎልማሶች ጋር ማንበብና መጻፍ እማራለሁ። እሱ አርባ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች አስረክቦ፣ ደረሰኝ አስፈርሞ ወዲያው ሊመለስ ነበር የመጣው። ገና ሲገባ ግንባሩ ከበሩ መቃን ጋር ተጋጨ።

«ደረሰኙን ልፈርም ወይስ ሐኪም ልጥራ?» አለችው ልጄ።

«መጀመሪያ ፈርሚ። ከሞትኩ በኋላ ማን ያስፈርምሻል?»

አልፈረመችም። «ሳልሞክር አልፈርምም» ብላ ዋናው ፕሮግራም የሚጫንበትን የመጫኛ ዲስክ አንዱ ኮምፒውተር ውስጥ ከተተች። ኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስክ የለኝም ብሎ ድርቅ አለ። ሃርድ ዲስኩ አለ፤ ግን የመጫኛው ዲስክ ከኮምፒውተሮቹ በዕድሜ ስለሚበልጥ ዕቃቸውን አያውቀውም። ረጅሙ ደረሰኙን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወንበር ሳበ። የመጣበት መኪና ጥሩንባውን ነፍቶ ነፍቶ ጥሎት ሄደ።

እያንዳንዱን ኮምፒውተር ለየብቻ መጫን፣ ዕቃውን የሚያሠራውን ድራይቨር መፈለግ፣ አፕዴት የሚሉትን ማሻሻያ አንድ በአንድ ማስገባት አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል። አርባ ኮምፒውተር አርባ ቀን ማለት ነው። ትምህርት ሊጀመር የቀረው ሦስት ሳምንት ነበር፤ ዳይሬክተሩ ደግሞ እስከዚያ ካልሠሩ ክፍሉን መጋዘን አደርገዋለሁ ብሏል። ስለዚህ ሁሉን በሆዱ የያዘ አንድ አዲስ ዲስክ ለመሥራት ተስማሙ። የትምህርት ቤቱ ክፍል ቀለም ይቀባ ስለነበር ሥራው እኛ ቤት፣ ምግብ ጠረጴዛችን ላይ ሆነ።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?» አልኩት አንድ ቀን ረጅሙን።

«እማማ፣ ልጅዎን ትምህርት ቤት ሲልኩ ደብተሩን፣ እርሳሱን፣ ምሳውን አስቀድመው ቦርሳዋ ውስጥ ይከቱ አልነበር?»

«እንዴታ!»

«ይኸው ነው። ኮምፒውተሩ ተጭኖ ካለቀ በኋላ ወዲያ ወዲህ ከሚል፣ የሚያስፈልገውን ሁሉ አስቀድመን ዲስኩ ውስጥ እንከታለን።»

«እሱ የሚረሳው ምሳውን ነው» አለች ልጄ ቀና ሳትል። «እርሳስ ሞልቶ ምሳ የለም። ሦስተኛው ዲስክ የከሸፈው የኔትወርኩን ድራይቨር ረስቶ ነው።»

«አለቃ፣ እሱን ይቅር ብለሽኝ አልነበር?»

«ይቅር ብዬሃለሁ፤ አልረሳሁትም።»

የአፕዴቶቹን ቁጥር በቅደም ተከተል ጽፈው ግድግዳው ላይ ለጥፈው ነበር። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ መጫኑ መሃል ላይ ይቆማል። ሁለቱ አፕዴቶች ከናካቴው መግባት እንደሌለባቸው ያወቁት አራት ዲስክ ካበላሹ በኋላ ነው፤ እነሱ ላይ ቀይ ኤክስ አደረጉባቸው። መምህራችን በየቀኑ አንድ ገጽ ገልብጡ ይለን ስለነበር፣ እኔም ከግድግዳው ላይ እያየሁ ደብተሬ ላይ እገለብጥ ነበር። ፊደሉ ሲሰለቸኝ ቁጥር እጽፋለሁ።

የከሸፉት ዲስኮች መስኮቱ ላይ ይቀመጣሉ። እኔ በክር እያንጠለጠልኩ ጓሮ ቲማቲሙ ላይ እሰቅላቸዋለሁ። ሲያብረቀርቁ ወፍ አይጠጋም።

ዲስክ ሲጻፍ ሁለቱም የመቶኛውን ቁጥር ያያሉ። ሰማንያ ሲደርስ ወሬ ያቆማሉ። ዘጠና ሲደርስ እሱ ቁጥሩን ትቶ እሷን ያያል። እሷም ታውቃለች፤ ጆሮዋ ይቀላል። እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ሁሉንም አያለሁ።

ሰባተኛው ዲስክ ሠራ። ለሙከራ ያመጡት ኮምፒውተር ማንም ሳይነካው ተጭኖ አለቀ። ልጄ «ሠራ!» ብላ የረጅሙን እጅጌ ያዘች። መልቀቁን ረሳችው። እሱም አላስታወሳትም። የልጄ ኮምፒውተር ሞልቶ ነበርና የሥራውን ፋይሎች አጠፉ፣ የግድግዳውንም ወረቀት ቀድደው ጣሉ። ረጅሙ «ይህን ዲስክ የማዕከሉ ሰዎች ቢያዩት ጉድ ይሉ ነበር» አለና መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ «አለቃ፣ አንዴ ደጅ ውጪልኝ» አላት።

ደጅ ደረጃው ላይ እንጋባ ሲላት እኔ ጓሮ ነበርኩ። መስኮቱ ላይ ያገኘሁትን ዲስክ እንደ ልማዴ ቲማቲሙ ላይ እየሰቀልኩ።

በማግስቱ ነው ልጄ ያንን ጥያቄ የጠየቀችኝ። ምሳዋን እንደበላች ዲስኩን ፈለገች። መሳቢያውን፣ ቦርሳዋን፣ ከአልጋ ሥር ሳይቀር ፈለገች። የለም። ረጅሙ በጠዋት ኮምፒውተሮቹን ወደላከው መሥሪያ ቤቱ ተመልሷል። ስልክ አነሳች።

«ዲስኩን አንተ ነህ የወሰድከው?»

«እኔ? የት?»

«ለማዕከሉ ሰዎች ልታሳያቸዋ። ጉድ ይሉ ነበር አላልክም?»

የእሱም ድምፅ እኔ ጋ ሳይቀር ይሰማ ነበር።

«አለቃ፣ እኔን ነው?» አለና ዘጋው።

ሁለት ቀን አልደወለም። እሷም አልደወለችም። በሦስተኛው ቀን ቲማቲም ሳጠጣ ዲስኮቹን ቆጠርኩ። ሰባት ናቸው። የከሸፉት ስድስት ነበሩ። ባልዲው ከእጄ ወደቀ።

እውነቱን ልጻፍ። ያን ቀን ሙሉ ዝም አልኩ። ዝም ካልኩ እሱ ብቻውን ይሄዳል፤ ልጄ ትቀርልኛለች። ክፋት አልመሰለኝም ነበር፤ የዳንኩ ነው የመሰለኝ።

በነጋታው ልጄ ቁርስ ስታቀርብ ሦስት ብርጭቆ አወጣች። አየችው። ሦስተኛውን መልሳ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችና ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው «ዳቦ ጨምሪ» ነው። አፌ እንቢ ሲለኝ ደብተሬን አወጣሁ። በሕይወቴ የመጀመሪያ ደብዳቤዬ ነው፤ ረፋዱን ሙሉ ፈጀብኝ።

«ልጄ። ዲስኩን ረጅሙ አልወሰደም። እኔ ነኝ የሰቀልኩት። ቲማቲሙ ላይ ነው። ካወቅኩ በኋላ አንድ ቀን ዝም አልኩ። እንዳትሄጂብኝ ብዬ ነው። እናትሽ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ልትጮህብኝ ነው ብዬ ወንበሩን ያዝኩ።

«እማዬ» አለች፣ «ደብዳቤ ጻፍሽ!»

«እንዳታሞግሺኝ። ደውዪ።»

ደወለች። ሲያነሳ «ዲስኩ ተገኘ» አለችው። «ቲማቲም እየጠበቀ ነው። አንተን የጠረጠርኩህ እኔ… ልክ አልነበርኩም። ይቅርታ።»

«ይቅር ብዬሻለሁ» አላት። «ግን አልረሳሁትም።»

ሳቋ እስከ ጓሮ ተሰማ።

ከሰዓት በኋላ መጣ። ግንባሩን ከእኛም በር ጋር አጋጨ፤ ማንም ሐኪም አልጠራለትም። ልጄ እጇን ግንባሩ ላይ አድርጋ አሸችለት። ዲስኩ ግን ነፋስ ከእንጨቱ ጋር እያፋተገው ተጫጭሯል። ኮምፒውተሩ ትንሽ አነበበና ቆመ።

«እንደገና እንጀምር?» አለች። «ትምህርት ሊጀመር አምስት ቀን ነው። ቅደም ተከተሉን ማን ያስታውሰዋል?»

ደብተሬን ፊታቸው አስቀመጥኩ። ከአንዱ እስከ መጨረሻው ቁጥር፣ ሁለቱን ቀይ ኤክስ ሳይቀር። የመሰረዣ ምልክት መሆኑን አላወቅኩም ነበር፤ ያየሁትን ሁሉ ነው የገለበጥኩት።

ረጅሙ ደብተሩን በሁለት እጁ ያዘው። «እማማ፣ እርስዎ ባይኖሩ…»

«እኔ ባልኖር ኖሮ ዲስኩ አይጠፋም ነበር። ሥራህን ሥራ።»

በአንድ ቀን ሠሩት። ስምንተኛው ዲስክ ሲወጣ ልጄ መስኮቱ ላይ አላስቀመጠችውም፤ ትራሷ ሥር ከተተችው፤ የተጫጫረውን እኔ መልሼ ቲማቲሙ ላይ ሰቀልኩት። በሦስት ቀን አርባውም ኮምፒውተሮች ተጭነው አለቁ፤ ዳይሬክተሩም መጋዘኑን ሌላ ቦታ ፈለገ። ረጅሙ ያንን የታጠፈ ደረሰኝ ከኪሱ አውጥቶ ፊቷ ዘረጋው። ፈረመች። ከዚያ እጇን ያዘ፤ አልለቀቀም።

የዚያን ዕለት ብርጭቆ እያደረቅኩ ጠራኋት።

«ያኔ ለጠየቅሽኝ መልሱ እችላለሁ ነው» አልኳት። «እንዳታለቅሺብኝ። ደብዳቤ ግን ጻፊልኝ፤ በትልልቁ።»

በወሩ ተጋቡ። በሠርጉ ማግስት ጣቢያው ድረስ ሸኘኋቸው። ረጅሙ ባቡሩ ውስጥ ሲገባ ጎንበስ አለ፤ ልጄ እጇን አናቱ ላይ አድርጋ ዝቅ አድርጋው ነው።

ልጄና ረጅሙ ሄዱ። እኔ ቀረሁ። ሰባቱ ዲስኮችም ቲማቲሙ ላይ ቀሩ።