በጀልባዋ ወለል ላይ የቀረ ሰም

የብርጓል የአውራ ጣቷን ጥፍር በጀልባዋ ወለል ላይ ጎተት ስታደርገው፣ ቢጫ ክር መሰል ነገር ተጠቅልሎ ወጣ። አሸተተችው፤ ማር ማር ይላል። ጥቂት ራቅ ብላ ደግማ ፋቀች። ያው ሰም ከጥፍሯ ሥር ተሰገሰገ።

«ከሪማ፣ ከምሰሶው ወዲህ ያለውን በቤንዚን አጥበሽዋል?»

«ጨርሻለሁ አልኩሽ እኮ።» ከሪማ አሸዋ ከምትነፋበት ወንፊት ቀና አላለችም።

ጀልባዋ በሸራ የምትሄድ አሮጌ የፋይበርግላስ ጀልባ ናት። አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ቆቃ ሐይቅ ላይ ሲዝናናባት ኖሮ፣ ወደ አገሩ ሲመለስ ለጣና ደሴቶች የሕክምና አገልግሎት ትቷት ሄደ። ወደ ባሕር ዳር በጭነት መኪና ስትጓዝ ደብረ ማርቆስ፣ ትምህርት ቤቱ የእጅ ሥራ ክፍል ደጃፍ ላይ የወረደችው በወለሏ ምክንያት ነው። እግር እንዲይዝ ተብሎ የተሠራው ሻካራ ገጽ በዘመን ብዛት አልቋል፤ የመድኃኒት ሣጥን ታቅፎ የሚቆምባት ድሬሰር ማዕበል ቢነሣ የሚረግጠው የለውም። የእጅ ሥራ መምህሩ አቶ እንዳላማው ገጹን ለመመለስ ቃል ገቡና ሥራውን ለሁለቱ የዘጠነኛ ክፍል ልጃገረዶች ሰጡ። ለድካማቸው፣ ጀልባዋ ሐይቅ ስትገባ ያዩ ዘንድ አብረው ሊወስዷቸው ነው። የብርጓል ከወንዝ የሰፋ ውኃ አይታ አታውቅም።

ሰሙ የመጣው ከቅን ልብ ነበር። የአውራጃው ሹማምንት ጀልባዋን ሊጎበኙ በመጡ ዕለት፣ ከሪማ ከአባቷ ከሐጂ አብዱልዋሂድ ሱቅ የንብ ሰም አምጥታ ወለሉን በጨርቅ እያሸች እንደ መስተዋት አበራችው። በዚያ አገር የበር መቃን ይሁን የምርኩዝ እጀታ ወይም የመደብ ልስን፣ ሲዳስሱት እጅን ካላንሸራተተ ባለሙያ አልነካውም ይባላል። ሹማምንቱ አደነቁ። ያላደነቁት የጭነት መኪናው ሾፌር አስማማው ብቻ ነበሩ። «ይኼማ ለሙሽራ ነው እንጂ ለሐይቅ አይሆንም፤ እዚህ ላይ ዝንብ ብታርፍ ወገቧ ይሰበራል!» አሉ። ግማሾቹ ከቅኔ ቤት የመጡት የክፍሉ ወንዶች ደግሞ፣ «ከሪማ፣ ሰሙን አየነው፤ ወርቁን የት ደበቅሽው?» እያሉ መግቢያ መውጫ አሳጧት።

ሰሙ ተጠርጎ ካልወጣ ቀለም አይይዝም፤ ቀለም ካልያዘ በላዩ የሚበተነው አሸዋ አይቆምም። ከሪማም «ያበላሸሁት እኔ፣ የማጥበውም እኔ» ብላ ብቻዋን ገባችበት።

የብርጓል አሁን ጥፍሯን ዘርግታ አሳየቻት። ከሪማ አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ቤንዚኑ አለቀብኝ። ሌላ ስጡኝ ብል እንደገና መሳቂያ ልሆን? ቀለሙ ይሸፍነዋል፤ ማን ያያል?»

«ድሬሰሩ ቢወድቅስ?»

«አታሟርቺ! ደግሞ ዛሬ ካልተቀባ ጀልባዋን ለሚወስደው መኪና አይደርቅም፤ ሌላ መኪና እስኪመጣ ፈተና ይገባል። አባቴን እሺ ለማሰኘት ስንት እንደለመንኩ እያወቅሽ። አንቺስ ሐይቁን ማየት አትፈልጊም?»

የብርጓል ትፈልጋለች። ቀለሙም በእርግጥ ይሸፍናል። አሸዋው ለጊዜው የጸና መስሎ ይቆይና አንድ ርጥብ ቀን ከሥሩ እንደ ቅርፊት ይላቀቃል። ያን ጊዜ እነሱ ከሐይቁ ርቀው ክፍላቸው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ የሚወድቀውም ሰው መልኩን የማያውቁት ነው። ሐሳቡ እንዴት እንደሚቀል ታዘበች። ቅለቱ ግን አልጣማትም።

አቶ እንዳላማው የቀለሙን ባልዲ በእንጨት እያማሰሉ መጡ።

«እህ፣ ልጆቼ፣ ሰሙ ወጣ?»

«ወጥቷል፣ ጋሼ» አለች ከሪማ ፈጥና።

«ደግ። እኔ ስቀባ እናንተ ተከትላችሁ አሸዋውን በትኑ። ለዶሮ ጥሬ እንደምትበትኑ አይደለም፤ ወጥ ላይ እንደሚነሰነስ ጨው፣ ሳሳ አድርጋችሁ።»

ብሩሹን ነከሩ፤ ትርፉን ባልዲው ከንፈር ላይ ጠረጉ። ከሪማ ወንፊቱን ደረቷ ላይ አቅፋ ወዲያ ማዶ ታያለች።

«ጋሼ፣ ትንሽ ይቆዩ» አለች የብርጓል። «አልጨረስንም።»

ብሩሹ አየር ላይ ቀረ። አንዲት የቀለም ጠብታ ጫማቸው ላይ አረፈች።

«ወጥቷል ተባልኩ እኮ! ማን ነው ያልጨረሰው?»

«እኛ።»

መምህሩ ሁለቱንም ተራ በተራ አዩ። ጎንበስ ብለው ወለሉን በመዳፋቸው ዳበሱት፤ መዳፋቸውን አሸተቱት።

«ጀልባዋ በሌላ መኪና ትሄዳለች» አሉ ቀስ ብለው። «እናንተ ግን ያን ጊዜ ፈተና ላይ ናችሁ። ይህን አውቀሽ ነው የምትናገሪው?»

«አውቄ ነው።»

ከሪማ ከንፈሯን ነከሰች። «ቤንዚን አልቆብኝ ነው፣ ጋሼ» አለች፤ ድምጿ ለራሷም የሚሰማ አይመስልም።

አቶ እንዳላማው ባልዲውን ከድነው፣ ቤንዚን ሊያመጡ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ሄዱ።

«አሁን ደስ አለሽ?» አለች ከሪማ።

«አላለኝም።»

«'እኛ' ያልሽውስ? እንዳመሰግንሽ ነው?»

«አይደለም» አለች የብርጓል ነጠላዋን ወገቧ ላይ እያሰረች። «ብቻሽን ከሆንሽ አይለቅልሽም።»

ተንበርክካ መፋቅ ጀመረች። ከሪማም ወንፊቱን ወዲያ አኖረችና ጫማዋን አውልቃ ወደ ጀልባዋ ወጣች።

«ፈቀቅ በይ» አለቻት።