ከኋላ ረድፍ የመጣው ጭብጨባ

እኔ ስለ ጂን ሲወራ ተነስቼ የምወጣ ሰው ነኝ፣ ጓደኞቼ «ደረቅ» ይሉኛል፣ እውነታቸውን ነው። ይህንንም የማወራህ ላስደንቅህ ብዬ አይደለም፣ ለማን እንደምነግረው ጨንቆኝ ነው።

ቡታጅራ ባህል አዳራሽ ውስጥ ከበሮ እመታለሁ። ከውጭ ብታየው ቆርቆሮው የዛገ ተራ ቤት ነው፣ ግን እመነኝ፣ የመስቃኑ ገበሬ፣ የስልጤው ነጋዴና ከጎንደር የመጣው መምህር ጎን ለጎን ተቀምጠው በአንድ ቀልድ የሚስቁበት ሌላ ቤት እዚህ ከተማ የለም። እናቴ እኔን ለማስከተብ የቆረጠችው ከእንሴኖ በእግሯ መጥታ እዚያ ስለ ክትባት የተሠራ ቲያትር ካየች በኋላ ነው። የጭፈራ ቡድናችንን በእግሩ ያቆሙት አሰልጣኛችን ጋሽ ነስሩ ናቸው፣ አላህ ይማራቸው። በሕይወት ሳሉ ልምምድ ላይ መድረክ አጠገብ ድርሽ አይሉም፣ ቦታቸው የመጨረሻው ረድፍ ጥግ ነው። የጉራጌ ጭፈራ መቼም ደም ሲሞቅ ይፈጥናል፣ ከልክ በላይ ስንፈጥን ታዲያ አይቆጡም፣ ብቻ ረጋ አድርገው ያጨበጭባሉ፣ ወደ ምቱ እስክንመለስ ድረስ።

እሳቸው ካረፉ በኋላ አዳራሹ መጋዘን ይሁን የሚል ሐሳብ መጣ፣ ኮሚቴም ትርኢታችንን አይቶ ሊወስን ሆነ። የዋዜማው ልምምዳችን አያድርስ ነው፣ እኔ በፍርሃት ከበሮውን አጣድፋለሁ፣ ልጆቹ ይከተሉኛል፣ እጅና እግር ተለያየ። ከመግሪብ ትንሽ እንዳለፈ መብራት ጠፋ።

«አታቁም፣ በጨለማም ቢሆን እንጨርሰው» አለችኝ የጭፈራው መሪ ዘይነባ።

ያኔ ነው ከኋላ ጭብጨባ የመጣው፣ ረጋ ያለ። መጀመሪያ ቆርቆሮው ነው አልኩ፣ ቀጥሎ ዘበኛው ነው አልኩ፣ እጄ ግን እኔን አልጠበቀም፣ ምቱን ያዘ፣ የሁሉም እግር እኩል ሲያርፍ ወለሉ ከሥሬ ነዘረኝ፣ እንደዚያ አምሮልን አያውቅም። መብራት ሲመጣ ሁላችንም ዞርን። ማንም የለም፣ በሩም ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው። ወንበሮቻችን ሰው ሲነሳ በራሳቸው የሚታጠፉ ናቸው፣ ሁሉም ታጥፈዋል፣ የጥጉ ብቻ ተዘርግቷል።

«ወላሂ እሳቸው ናቸው» አለች ዘይነባ እያለቀሰች።

«የወንበሩ ሞላ ላልቶ ነው እባክሽ» አልኳት። ሄጄ ወንበሩን ነካ ሳደርገው ወዲያው ታጠፈ።

በማግስቱ ኮሚቴው ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበልን፣ አዳራሹም ቀረልን። የዚያን ቀን ከኋላ ምንም አልተሰማም፣ ምን ያደርግልናል፣ አልተሳሳትንማ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ እኔም እረሳው ነበር። አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ከበሮ መቺ ፈልጎ ተቀብሎኛል፣ ለዘይነባም ለማንም አልተናገርኩም፣ እኔ ስሄድ ቡድኑ የሚተካኝ ሰው እንደሌለው እያወቅኩ። ትናንት አመሻሹ ላይ ከበሮዬን ላወጣ ብቻዬን ገባሁ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ተሸክሜ በጥድፊያ ወደ በሩ ስሄድ ጭብጨባው ተነሳ። የሚጨፍር የለም፣ ከበሮውም ጀርባዬ ላይ ነው። ጋሽ ነስሩ ደግሞ ያለ ምክንያት አጨብጭበው አያውቁም። ዞር ብዬ ለማየት አልደፈርኩም፣ እግሬ ግን ሳላዘው እየረጋ፣ እየረጋ ሄዶ ከጭብጨባው ጋር ገጠመ።

ከበሮውን በሩ አጠገብ አስቀምጬ ወጣሁ። የአዲስ አበባው መኪና ነገ ጠዋት ይነሳል።