ሃያ ባዶ ኮሪደሮች

የቤተ ሙከራው ኃላፊ መስኮት በሌለው መፈተኛ ክፍል፣ ካሜራ በሚለካበት የዳማ ሰሌዳ ፊት ሞተው ተዘርረው ተገኙ። የተመቱበት የካሜራ ብረት መቆሚያ አጠገባቸው ወድቋል። ፖሊስ የቤተ ሙከራውን በር ዘግቶ ሦስቱን ሠራተኞች እዚያው አስቀመጠ፦ ካሜራ ለኪዋን፣ ምስል ሠሪውን ታላቅ ወንድሟንና ዘበኛውን።

ጣጣው ለኪዋ ላይ ወደቀ። የኮሪደሩ ካሜራ በየደቂቃው ፎቶ ያነሳል፤ ስምንት ሰዓት ላይ ስትገባ፣ ከአስር ደቂቃ በኋላ ስትወጣ ይታያል። ከዚያ ወዲያ ዘበኛው ሬሳውን እስኪያገኝ ድረስ ሃያ ባዶ ኮሪደር። ሌላ በር ደግሞ የለም። ግድግዳው የተጠጋባት መሰላት፤ ከልቧ ፈራች።

«እርስዎ ሲወጡ ኃላፊው ደህና ነበሩ?» አለቻት የፖሊስ መርማሪዋ።

«ደህና ነበሩ። ተናደው ነበር እንጂ። በማን እንደሆነ አልነገሩኝም።»

መርማሪዋ ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን የሰሌዳ ምስሎች ቀረብ ብላ አየች። «እነዚህ ሁሉ ፎቶ ናቸው?»

«ኮምፒውተር የሠራቸው ናቸው። የካሜራ መለኪያ ዘዴ ለመፈተን ትክክለኛው ልክ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ስለዚህ ምስሉን እኛው እንፈጥረዋለን፤ የሌንሱን ጉብጠት፣ ብዥታውን፣ እንደ አሸዋ የተበተነውን ነጠብጣብ ሳይቀር።»

«ነጠብጣቡ በየምስሉ ይለያያል?»

«በእውነተኛ ካሜራ ሁልጊዜ። እኛ ግን ዘዴዎቹን ስናወዳድር እንዳይዛባብን ያንኑ ነጠብጣብ እንደጋግማለን። ልማድ ሆኖብናል።»

መርማሪዋ የኮሪደሩን ፎቶዎች ልታይ ሄደች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

«የባዶዎቹን ኮሪደሮች ፎቶ በኮምፒውተር አንዱን ከሌላው ቀነስኩ» አለች። «ከሰዓቱ ቁጥር በቀር የቀረው ድፍን ጥቁር ነው፤ ቅንጣት ልዩነት የላቸውም። ሃያዎቹም አንድ ዓይነት ነጠብጣብ አላቸው። ስለዚህ ፎቶ አይደሉም፤ እውነተኞቹ ተሰርዘው የተተኩ ናቸው። ገዳዩ የገባው እሷ ከወጣች በኋላ ነው።»

«እኔ ስልኬን ለማጥፋት እንኳ ልጄን ነው የምጠይቀው!» አለ ዘበኛው።

«አውቃለሁ። እሷም ብትሆን የምታጠፋው የራሷን መግባት ነበር እንጂ እዚያው አትተወውም።» ወደ ወንድሟ ዞረች። «ኃላፊው ያልላኩት ደብዳቤ ኮምፒውተራቸው ላይ አለ። እርስዎ ለአውቶቡስ ካሜራዎች ‹መንገድ ላይ ተፈተነ› ብለው ያስረከቡት ሁሉ በኮምፒውተር የፈጠሩት ምስል ነው ይላል። ሰው ሊሞትበት ይችል ነበር።»

ወንድምየው አንገቱን ደፋ።

«ጋሼ» አለች ለኪዋ። «ወንጀሉ እኔ ላይ እንዲለጠፍ?»

«እኔ የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ፤ አንቺ ልጅ የለሽም» አላት።

ፖሊሱ በሩን ከፍቶ መሄድ እንደምትችል ነገራት። እሷ ግን እዚያው ወንድሟ ፊት ቆማ ቀረች።