አሥራ ሦስተኛው ረድፍ

መጀመሪያ ማንነቴን ልንገራችሁ፣ እኔ የሒሳብ መምህርት ነኝ፣ ጎረቤቶቼ ኮቴ ሰማን፣ ጥላ አየን ሲሉ በሆዴ የምስቅ፣ አንዳንዴም ጨክኜ ፊት ለፊት የምስቅ ሰው ነኝ፣ የካ አባዶ በምኖርበት ብሎክ "ደረቋ" የሚሉኝ ያለ ነገር አይደለም። አሁን የማወራችሁን ሌላ ሰው ቢያወራኝ ኖሮ ከት ብዬ እስቅበት ነበር። ግን ምን ላድርግ፣ የሆነው በዓይኔ ፊት ነው፣ ያውም በሌሊት አይደለም፣ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።

አባዬ ጡረታ የወጣ የመንገድ ቀያሽ ነው፣ ቀበና ወንዙ አጠገብ ባለች አሮጌ ቤቱ ብቻውን ይኖራል። በወጣትነቱ የእንጦጦን አቀበት ሲለካ የሠራበት አንድ ካልኩሌተር አለው፣ ስልካችን ላይ እንዳለው ዓይነት እንዳይመስላችሁ፣ ፕሮግራም ሲጽፉለት ይዞ የሚያስቀምጥ፣ አናቱ ላይ ሌላ ዕቃ የሚሰካባቸው ቀዳዳዎች ያሉት፣ በመዳፍ የሚያዝ ግን ከበድ ያለ ነገር ነው። በእሱ ላይ አንድ ፕሮግራም ጽፎ በእናቴ ስም "ዘነብ" ብሎት ነበር። ማዕዘንና ርቀት ሲሰጡት ከፍታውን ያወጣል፣ ሲጨርስ ደግሞ አባዬ ለእናቴ ብሎ የጨመራትን አንዲት ነገር ቁጥር በሚታይባት መስኮቱ ላይ ያሳያል፣ እናቴ ምሳ ይዛለት እንጦጦ በወጣች ቁጥር እሷን እያየች ትስቅ ነበር አሉ።

እናቴ በታመመችበት ዓመት ካልኩሌተሩን ማን ያስታውሰው፣ ባትሪው መሳቢያ ውስጥ እንዳለ አለቀ፣ ፕሮግራሙም አብሮ ጠፋ። እሷ ካረፈች በኋላ አባዬ ያቺን የመጨረሻ ነገር ላስታውስ ቢል አልመጣልህ አለችው። "የጻፍኩላትን ረሳሁት፣ ሰላም" ይለኛል፣ ሰላማዊት ነው ስሜ፣ "ሌላው ሁሉ ይጥፋ፣ እሱን እንዴት እረሳለሁ?" እንዲህ ሲለኝ ፊቱን ማየት አልችልም ነበር፣ እውነቴን ነው።

ደግነቱ ፕሮግራሙን የቀዳባት ማስቲካ የምታክል ባለ ማግኔት ካርድ አስቀምጦ ነበር። እሷን የሚያነብ ዕቃ ፍለጋ ጉርድ ሾላ ብሩክ ዘንድ ወሰድኩት። ብሩክ የድሮ የቢሮ ዕቃ የሚጠግን፣ ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ ሰክቶ የሚውል ጎልማሳ ነው። ካልኩሌተሩን ሲያይ ልጁን ከሩቅ አገር የተቀበለ ሰው መሰለ፣ አዲስ ባትሪ አስገባለትና ከመደርደሪያው ሦስት ዕቃ አውርዶ ፊታችን ደረደረ።

"ይኼ የካርድ ማንበቢያው ነው ጋሼ፣ ጎማው ቀልጦ ነበር፣ እኔ ቀይሬለታለሁ" አለና ካርዷን አጎረሰው። ማሽኑ ዝዝዝ ብሎ ሳባት፣ በወዲያኛው በኩል ተፋት፣ መስኮቱ ላይ ምንም የለም። ብሩክ ካርዷን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየና ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ ቡናማው ቅብ ተልጦ አልቋል።

አባዬ ካርዷን ተቀብሎ ኪሱ ከተታት። እኔ ቶሎ ብዬ "እሺ፣ ቢያንስ አዲስ የሚጽፍበትን ነገር እንምረጥለት" አልኩ፣ ባዶ እጁን ከዚያ ሱቅ እንዲወጣ አልፈለግኩም።

"ይኼኛው በካሴት ነው የሚሠራው፣ ብዙ ይይዛል" አለ ብሩክ ሁለተኛውን እየጠቆመ።

"የጠፋችኝ አንዲት ነገር ናት፣ ጎተራ ምን ያደርግልኛል?" አለ አባዬ።

ሦስተኛው በሽቦ ከካልኩሌተሩ ጋር የሚያያዝ ወፍራም እስክሪብቶ ነው፣ ጫፉ ላይ ቀይ መብራት አለው። "በዚህ ደግሞ ወረቀት ላይ የታተመ ባርኮድ ይነበባል፣ እንደ ሱፐርማርኬቱ ማለት ነው፣ ረድፉን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ ማለፍ ነው፣ ግን..." አለና ብሩክ አቋረጠ፣ "ጋሼ፣ እጅ መጽናት አለበት።"

ሁላችንም የአባዬን ቀኝ እጅ አየን። ሦስት ዓመት ሆነው መንቀጥቀጥ ከጀመረ፣ ሻይ እንኳን ግማሽ ብርጭቆ ነው የሚቀዳለት።

"የካርዱን ውሰድ አባዬ፣ እሱ ራሱ ይስብልሃል" አልኩት።

"እሱማ ይስባል፣ በዚህ ግን የማነበው እኔ ነኝ" አለና እስክሪብቶውን አነሣ፣ በዚያች በምትንቀጠቀጥ እጁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አልኩ በልቤ፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ ብሩክም መለማመጃ ብሎ ባርኮድ የታተመበት ወረቀት ጨመረለትና ወደ ቀበና ተመለስን።

ከእንጦጦ በኩል ዝናቡ እየወረደ ነበር። አባዬ ሲበርደው ጋቢውን ትቶ የእናቴን ነጠላ ነው የሚደርበው፣ ለሠርጋቸው የተሸመነ፣ ካልኩሌተሩ እጁ ሳይገባ ከስንት ዓመት በፊት፣ ይህን ልብ በሉልኝ። ጥለቱ ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ ቀጭንና ወፍራም መስመሮች ተደርድረው አንድ ረድፍ ይሆናሉ፣ ረድፎቹ ደግሞ ስድስት ናቸው። ሌላኛውን ጫፍ እናቴ ድሮ ለሆነ ነገር ቆርጣዋለች፣ ለምን እንደሆነ ማንም አያስታውስም።

ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ልምምድ ጀመረ። እጁ ይስታል፣ ማሽኑ ወፍራም ድምፅ ያወጣል፣ እንደገና ይስታል፣ እንደገና ይጮኽበታል። ሃያ ጊዜ ያህል ሞከረ። እኔ የቤቱ መስኮት ጋ ሄጄ ዝናብ የማይ መሰልኩ። ከዚያ ቀጭን፣ ደስ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ጢጥ!

"ሆነልህ!" ብዬ ዞርኩ።

"እኔንጃ" አለ አባዬ፣ "እስክሪብቶው አምልጦኝ ነጠላው ላይ ነው የሄደው።"

መስኮቱ ላይ በፈረንጅ ፊደል "ረድፍ 2 ዝግጁ" የሚል ተጽፏል፣ ሁለተኛውን ስጡኝ ማለቱ ነው።

ሳቅን። ሁለታችንም ከልባችን ሳቅን። እኔ እስክሪብቶውን ተቀብዬ ቀጥ ባለ እጄ ያንኑ ረድፍ ባልፍበት ወፍራሙን ድምፅ አወጣብኝ። የራሴን ሻርፕ ሞከርኩ፣ እምቢ። የብስኩት መጠቅለያ ሞከርኩ፣ እምቢ። አባዬ መልሶ ወሰደና እጁ እየተንቀጠቀጠ በጥለቱ ሁለተኛ ረድፍ ላይ አሳለፈው፣ ጢጥ! ሦስተኛው፣ ጢጥ! እስከ ስድስተኛው ድረስ አንድም አልሳተም፣ ማሽኑም "ረድፍ 7 ዝግጁ" ብሎ ቆመ።

አባዬ ቁልፎቹን ቀስ እያለ እየተጫነ የገባውን ማየት ጀመረ። የመጀመሪያው መስመር "ዘነብ" ይላል። እመኑኝ፣ ፀጉሬ ነው የቆመው። "የእኔ ነው!" አለ፣ "ይኸው ማዕዘኑን ሲጠይቅ፣ ይኸው ርቀቱን፣ ሰላም፣ የእኔ ጽሑፍ ነው!" ግማሽ መንገድ ላይ ግን ይቆማል፣ ያቺ የመጨረሻዋ ነገር የለችም።

ለብሩክ ደወልኩ። "አይቻልም" አለኝ፣ "በየረድፉ ውስጥ መቆጣጠሪያ ቁጥር አለ፣ አንዲት መስመር ብትዛነፍ አይቀበልም። አይ መምህርት፣ እየቀለድሽብኝ ነው።"

ከዚያ በኋላ አባዬን ማን ይያዘው! ጢሙን ተላጨ፣ ካልኩሌተሩን ሳያጠፋ የቤቱ መስኮት ሥር አስቀመጠው፣ አክስቶቼን ሁሉ በስልክ አዳረሰ፣ "የዘነብን ነጠላ ሌላኛውን ጫፍ ያየ አለ?" እያለ ዓመቱን ሙሉ ያላወራቸውን ሲያስቅ ሰነበተ። ሲስቅ ስሰማው ደስ ይለኛል፣ ጫፉ ካልተገኘስ ብዬ ደግሞ እሰጋለሁ።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቴ ገባሁ። የእስክሪብቶ ቦርሳዬ ዚፑ አልዘጋ ብሎኝ ነበር፣ አንደኛ ክፍል ስገባ እናቴ የሰፋችልኝ፣ እስከ ዛሬም ክፍል ይዤው የምገባው ነው። ላስተካክል ስገለብጠው የውስጡ ገበር ተተርትሮ ወጣ። ጥቁር ሰማያዊ ጥለት። ስድስት ረድፍ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእጄ ይዤው ስዞር ማለት ነው! አልጋዬ ላይ ተቀምጬ እያለቀስኩም እየሳቅኩም በጥፍሬ እየነካሁ ቆጠርኩት፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት።

ስልኬ ጮኸ። አባዬ ነው፣ ገና ሃሎ ሳልል "ምን አደረግሽ?" አለኝ።

"ምን ሆነ?"

"ስድስት ጊዜ ጢጥ አለ! እስክሪብቶው ክዳኑን እንደለበሰ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ማንም አልነካውም። እኔ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ሰላም፣ ሞልቷል! እስከ መጨረሻው ሞልቷል!"

እጄ ላይ ያለውን ጨርቅ ለቀቅኩት። "የመጨረሻዋስ? ምንድን ናት?"

የወጣት ሳቅ ሳቀ። "'ዘነብ ነይ' ነው የሚለው። አስታወስኩት! ከፍታውን አውጥቼ ስጨርስ ሥራዬን አቁሜ ምሳ ልንበላ ነው፣ ስለዚህ እጠራታለሁ። በቃ ይኸው ናት። ይህቺን ነው እንግዲህ የረሳሁት!" አለና ሲያለቅስ ሰማሁት፣ እኔም አለቀስኩ፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስንረጋጋ "አሁን መስኮቱ ላይ ምን ይላል?" አልኩት፣ እንዲሁ ለወሬ ያህል።

"ረድፍ 13 ዝግጁ" አለ።

"ፕሮግራሙ አልቋል አላልክም?"

"አልቋል። ያለቀ ፕሮግራም ደግሞ ሌላ ረድፍ አይጠይቅም" አለ አባዬ፣ ድምፁ ግን ምንም ፍርሃት የለበትም፣ "ጠርቻት የለ እንዴ? መልሷን እየጠበቀ ነዋ።"

ይህ ከሆነ ወራት አልፈዋል። ስድስትና ስድስት አሥራ ሁለት ነው፣ ከዚያ በላይ የተሸመነ ጥለት የለም፣ በሕይወቴ እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር ቢኖር እሱ ነው። አባዬ ደህና ነው፣ ይበላል፣ ይቀልዳል፣ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ነጠላዋን ወንበሩ መደገፊያ ላይ ይዘረጋል፣ እስክሪብቶውንም ክዳኑን አውልቆ አጠገቡ ያኖረዋል። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። የቤቱ ቁልፍ አለኝ፣ ድሮ ከፍቼ ዘው ማለት ነበር ልማዴ። አሁን ግን በሩ ጋ ስደርስ ትንሽ እቆማለሁ፣ አንኳኩቼም ነው የምገባው።