የአስር ሰዓቱ ቅባት

ሲስተር ሩሊን የቅባቱን ቱቦ ከቦርሳዋ ባወጣችው ትንሽ ሚዛን ላይ ስታስቀምጥ ፌና ዓይኗን ከቁጥሩ ላይ አልነቀለችም።

«ልክ ነው» አለች ሲስተር። «ማለቅ የነበረበትን ያህል አልቋል። ወረቀቱስ?»

ፌና አቀበለቻት። ቅባቱ በተቀባ ቁጥር ምልክት የሚደረግበት የአስራ አራት ቀን ወረቀት ነው፤ የጠዋቱ ምልክት የእናቷ፣ የአስር ሰዓቱ የእሷ። አንድም ክፍት ቦታ የለም። ከፌና አስራ አራት ምልክቶች አስራ አንዱ ግን ፎርጅድ ናቸው።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት በደንብ ቀብታ ነበር። ከዚያ በአያቷ ተረከዝ ላይ የወጣው የአልጋ ቁስል ሽታ ምሳዋን ሊያስወጣት ደረሰ። አያቷ ሃርም ከስትሮኩ ወዲህ ግራ እግራቸው አይሰማቸውም። ስለዚህ ብርድ ልብሱን ትገልጣለች፣ የቱቦውን ክዳን ታንኳኳለች፣ እስከ ሃያ ቆጥራ መልሳ ትሸፍናለች። ቅባቱን መጸዳጃ ቤት ሄዳ ትጨምቀዋለች። ደግሞስ ገና በሙከራ ላይ ያለ መድኃኒት አይደል? ለግማሹ በሽተኛ የሚሰጠው ምንም የሌለበት ባዶ ቅባት ነው፤ ለማን የትኛው እንደደረሰ ሲስተርም አታውቅም። «የእኛ ባዶው ቢሆንስ?» እያለች ራሷን ስትሸነግል ሰነበተች።

ሲስተር ፋሻውን ፈትታ ቁስሉን ለካች። ፊቷ ተለወጠ።

«ጋሽ ሃርም፣ አልደብቅዎትም፤ ሰፍቷል። ቅባቱ አልያዘልዎትም። በዚህ ከቀጠለ ከሙከራው ላስወጣዎት ነው። ከዚያ ሐኪሙ ስለ እግርዎ ያነጋግርዎታል።»

«ሊቆርጡት?» አሉ አያቷ፣ ለመሳቅ እየሞከሩ። «ቦዩ በረዶ በሠራ ዓመት እኮ በዚህ እግር በበረዶው ላይ ዶኩም ከተማ ድረስ ተንሸራትቻለሁ!»

ሲስተር ወደ ፌና ዞረች። «አንቺ ደግሞ እንዳይከፋሽ። ጥፋቱ የቅባቱ ነው። እንዳንቺ አንድ ቀን ሳያጓድል ወረቀቱን የሚሞላልኝ ሰው የለም።»

«የማን ልጅ ሆና!» አሉ አያቷ። «ፌኒዬ፣ የብስኩቱን ቆርቆሮ እስኪ እንደገና ክፈቺው።»

በዚህ ቤት የብስኩት ቆርቆሮ ለአንድ ሻይ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚከፈተው። ለአንድ ሰው አንድ ብስኩት፣ ከዚያ ክዳኑ ግጥም! ንጉሡ ቢመጡም አይደገምም። ፌና በአስራ አራት ዓመት ዕድሜዋ ሁለተኛ ብስኩት ለማንም ሲሰጥ አይታ አታውቅም።

«አልፈልግም፣ አባባ።»

«ብዪ እንጂ! እኔ የገዛ እግሬን ማየት ይቀፈኛል፤ አንቺ በየቀኑ… ኧረ ተባረኪ፣ የኔ ልጅ።»

ፌና ቆርቆሮውን ከፍታ ያወጣችው ብስኩት እጇ ላይ ቀረ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ሲስተር ወረቀቱን አጥፋ ወደ ቦርሳዋ ልትከተው ነው። ከሄደች ማንም መቼም አያውቅም። ቅባቱ አይረባም ተብሎ ይጻፋል፣ አባባ እግራቸውን ያጣሉ፣ እሷም ጎበዝ ልጅ እንደተባለች ትኖራለች።

በመጀመሪያው ቀን ሲስተር ያስጠነቀቀቻት ነገር ትዝ አላት። «ከተሳሳትሽ እንዳትደልዢ፣ ወደ ሌላ ወረቀትም እንዳትገለብጪ። ከሥር ያለው እንዲነበብ አንድ መስመር ብቻ አስምሪበት። አጠገቡ ስምሽን ጻፊ።»

«ሲስተር» አለች። «ወረቀቱ… ስህተት አለበት።»

«የቱ ጋ?»

ፌና ብስኩቱን ቆርቆሮው ውስጥ መለሰችው። ቀና ብላ አያቷን ማየት አልቻለችም። የሲስተርን እስክሪብቶ ተቀብላ በአራተኛው ቀን የአስር ሰዓት ምልክት ላይ አንድ ቀጭን መስመር አሰመረች። አጠገቡ ስሟን ከነአባቷ ጻፈች።

ሲስተር መስመሩን አየች፣ ሚዛኑን አየች፣ ከዚያ ፌናን። «ሌላም አለ?» አለች ቀስ ብላ።

«አስር ይቀራል» አለች ፌና፣ ወደ አምስተኛው ቀን እየወረደች።