ከኋላችን ግድግዳ ነበር

ሰው ስለ መንፈስና ስለ ጥላ ሲያወራ ሰዓቴን የማይ ሴት ነኝ፣ አርባ ዓመት ለንደን ስኖር እንዲህ ያለ ወሬ ይዞ ቤቴ የመጣን ሁሉ በሻይ ሸኝቻለሁ፣ ስለዚህ ይህን የምነግራችሁ በራሴ ስለደረሰ ብቻ መሆኑን ያዙልኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከጽጌ ነው። የልጅነት ጓደኛዬ ናት፣ ጓደኛ ካልኳት። ከአብዮቱ በፊት፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጆች ሳለን፣ ከትምህርት ቤት ሾልከን ፒያሳ አንድ የጣልያን አስፈሪ ፊልም ልናይ ገባን፣ ገዳዩ ማን እንደሆነ እስከ መጨረሻው አይታወቅም፣ የሚታየው ጥቁር የቆዳ ጓንቱ ብቻ ነው። በፊልሙ አንዲት ልብስ ሰፊ ብቻዋን ስትሠራ ጓንቱ ከመጋረጃው ወጥቶ ትከሻዋ ላይ ሊያርፍ ሲል፣ የእኔን ማጅራት ቀዝቃዛ ቆዳ ያዘው። ጮኼ ሮጥኩ፣ አንድ ጫማዬን እዚያው ጥዬ። የነካችኝ ጽጌ ናት አልኩ፣ ካደች፣ መካዷ ሳያንስ ከዚያ ወዲህ ሃምሳ ዓመት ሙሉ በየሰርጉ፣ በየክርስትናው፣ እዚህ ኪልበርን ባለው የማርያም ማኅበራችን ጭምር፣ አሯሯጤን እያስመሰለች ሰው ታስቃለች። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ «እኔ ነኝ» እንድትለኝ።

ባለፈው ኅዳር ልጄ ሩት፣ እዚህ የተወለደችውና ፊልም ያሳበዳት፣ «ማሚ፣ ያ ፊልምሽን ብሪክስተን ሲኒማ ቤት ሊያሳዩት ነው» አለችኝ። «የአሁኖቹ ሆረሮች እኮ ሁሉም ከዚህ ነው ኮፒ ያደረጉት፣ ጓንቱን፣ ቀዩን መብራት፣ ሙዚቃውን፣ ሊተራሊ ሁሉን!»

«ሦስት ቲኬት ቡክ አድርጊ።»

«ሦስተኛው ለማን?»

«ለተከሳሿ።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ገባን። ሆን ብዬ የመጨረሻውን ረድፍ አስይዣለሁ፣ ከኋላችን ግድግዳ ነው፣ ጽጌ በግራዬ፣ ሩት በቀኜ። «ጫማሽን አጥብቀሽ እሰሪ» አለችኝ ጽጌ ገና ሳንቀመጥ።

አዳራሹን የሞሉት ወጣቶች ቤተ መጻሕፍት የገቡ ይመስል ጸጥ ብለው ነው የሚያዩት። ጽጌ ግን የለመደችው ፒያሳን ነው፣ እዚያ ተመልካች ለተዋናይ ምክር ይሰጣል። አሥር ደቂቃ ቻለች።

«አንቺ ሞኝ፣ በሩን ዝጊው!»

«አንቲ ጽጌ፣ ሽሽ!» አለች ሩት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ።

«ምን ሽሽ ትለኛለች፣ ልጅቷ ልትሞት ነው እኮ!»

ፊት ያሉት ዞረው ሳቁ፣ ቀጥሎ በጮኸች ቁጥር ያጨበጭቡላት ጀመር፣ እኔም እውነቱን ልናገርና ቂሜን ረስቼ አብሬያት ጮህኩ፣ እንደዚያ ከሳቅኩ ዓመታት አልፈዋል።

ልብስ ሰፊዋ መጣች። መጀመሪያ የመቀሷ ድምፅ፣ ቀጥሎ የመጋረጃው ቀለበቶች፣ ቀጥሎ፣ እመኑኝ፣ ከግድግዳው በኩል ቆዳ ሲታጠፍ የሚያሰማው ሲጥ፣ ሲጥ። ከድምፅ ማጉያው ነው አልኩ። ሩት ቀኝ እጄን ጭምቅ አድርጋ ይዛዋለች፣ ግራ እጄ ፈንዲሻው ውስጥ ነው።

«ከኋላሽ ነው!» አለች ጽጌ፣ «ዞር በይ፣ ከኋላሽ...» ማጅራቷን ያዘች። ከዚያ የሰባ ዓመቷ ሴትዮ ጮኻ፣ የስንቱን እግር ረግጣ ሮጠች፣ አዳራሹም በጭብጨባ ተናጋ።

ተከትያት ስወጣ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፣ አንድ ጫማዋን ይዤላት ነው የወጣሁት። ደጅ ያለው ወንበር ላይ አገኘኋት፣ ጫማውን ስታይ ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን በሳቅ ፈረስን፣ ሩት ከኋላ «አሳፈራችሁኝ» እያለች።

«ተበቀልሽኝ» አለች ጽጌ እንባዋን እየጠረገች። «ግን ጓንቱን ከየት አመጣሽው?»

እጆቼን ዘርግቼ አሳየኋት። አንደኛው በፈንዲሻው ጨው ነጥቷል፣ በሌላው ላይ የሩት ጥፍር ምልክት አለ።

ሳቋ ቀስ እያለ ቆመ። «ያኔም እኔ አልነበርኩም» አለችኝ፣ «በእናቴ አጽም።» በሃምሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አመንኳት።

አሁን በማኅበራችን እሷ የእኔን ሩጫ ታስመስላለች፣ እኔ የእሷን፣ ሴቶቹ በሳቅ ያልቃሉ፣ ደስ ይላል። ያን ሁሉ ዓመት የያዝኩት ቂም ግን ባለቤት አጥቶ ቀርቷል፣ ለማን እንደምሰጠው አላውቅም።

አብረን አውቶቡስ ስንሳፈር ጽጌ «አንቺ ከፊቴ ተቀመጪ፣ ኋላሽን እኔ አይልሻለሁ» ትለኛለች።

«ያንቺንስ ማን ያየዋል?» አልኳት አንድ ቀን።

ሁለታችንም ዞር ብለን አየን።